ጥሩ ካርታ ይዞ መክሰር

ጥር 2014 ዓ.ም ነው፡፡ ለአገው ፈረሰኞች በዓል ኢንጅባራ ሄጄ ነበር፡፡ ጥር 23 ቀን ፈረሱንም ፈረሰኛውንም ጠግቤ አየሁና በማግስቱ ዳንግላ እህቴ ቤት አደርኩ፡፡ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም ከተመሠረተ ጀምሮ የአዊ ሰው ፈረሱን አስጊጦ በየዓመቱ ይገናኛል፡፡ ሜዳው ላይ ያ ሁሉ ፈረስ ሲጋልብ አንድም ሰው በአንድም ፈረስ ላይ ገንዘብ ሲያስይዝ አላየሁም፡፡ ይህን ያስተዋልኩት ግን ያን ዕለት አልነበረም፡፡ በማግስቱ ማታ ነው፡፡

እራት ተበልቶ ቡና ሲፈላ የእህቴ ልጅ ስልኩን ይዞ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠ፡፡ በሒሳብ አያያዝ በዲግሪ ከተመረቀ ዓመት ሊሞላው ነው፤ ሥራ ግን አላገኘም፡፡

«ጋሼ፣ እርስዎ ሕግ ተምረዋል፡፡ እስቲ ይፍረዱ፤ ይህ ሰውዬ ጥፋተኛ ነው ወይስ ዕድለ ቢስ?» አለኝ፡፡

ስልኩ ላይ ያሳየኝ የፖከር ውድድር ነበር፡፡ እኔ ከካርታ ጋር ከተለያየሁ ብዙ ዘመን ሆኖኛል፤ የተለያየሁበትንም ምክንያት ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ፡፡ ልጁ ጥያቄውን ያነሣው ለጨዋታ ያህል መስሎኝ ነበር፡፡ አልነበረም፡፡ ምን ፈልጎ እንደሆነ የገባኝ ከሁለት ሰዓት በኋላ ነው፡፡ እስከዚያው ግን ጥያቄው ራሱ ይዞኝ ሄደ፡፡ ጥሩ ካርታ የያዘ ሰው እንዴት ይከስራል? ከከሰረስ በኋላ ጥፋቱን ከዕድሉ የምንለየው በምንድን ነው?

ጨዋታው እንዴት ነው?

ለማያውቁት አንባቢያን ባጭሩ ላስረዳ፡፡ በትልልቅ ውድድሮች የሚዘወተረው የፖከር ዓይነት ቴክሳስ ሆልደም ይባላል፡፡ እያንዳንዱ ተጫዋች ለብቻው የሚያያቸው ሁለት ካርታዎች ይሰጡታል፡፡ ከዚያ ጠረጴዛው መሐል ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች ይገለጣሉ፤ መጀመሪያ ሦስት በአንድ ጊዜ፣ ቀጥሎ አንድ፣ በመጨረሻም አንድ፡፡ ከሰባቱ የተሻሉትን አምስት አሰባስቦ የበለጠ ያሸንፋል፡፡ በየመሐሉ አራት ጊዜ ገንዘብ ይያዛል፡፡ በእያንዳንዱ ዙር ተጫዋቹ ምርጫ አለው፡፡ ካርታውን ጥሎ ይወጣል፣ የተያዘበትን ያህል ከፍሎ ይቀጥላል፣ ወይም ከፍ አድርጎ ያስይዛል፡፡ ከፈለገም ያለውን ሁሉ በአንድ ጊዜ ማስገባት ይችላል፡፡

የጨዋታው ዋና ሒሳብ አስቸጋሪ አይደለም፡፡ መሐል ላይ 300 ብር አለ እንበል፤ ለመቀጠል 100 ብር ክፈል ተብለሃል፡፡ ከከፈልክ መሐሉ 400 ብር ይሆናል፡፡ ስለዚህ ከአራት ጊዜ አንድ ጊዜ የማሸነፍ ዕድል ካለህ አትከስርም፤ ከዚያ በላይ ካለህ ታተርፋለህ፤ ከዚያ በታች ከሆነ ግን ዛሬ ብታሸንፍ እንኳ ውሎ አድሮ ገንዘብህ ያልቃል፡፡ ጥሩ ተጫዋች የሚባለው ይህን ስሌት ላብ እያጠመቀውም የማይረሳ ሰው ነው፡፡

የዓለም የፖከር ውድድር የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1970 በላስ ቬጋስ ነው፡፡ የዋናው ውድድር መግቢያ 10,000 ዶላር ነው፡፡ መግቢያውን ከከፈለው ሰው አብዛኛው ባዶ እጁን ይወጣል፤ ጥቂቱ ገንዘብ ያገኛል፤ ከላይ የሚቀሩት ሰዎች ደግሞ ሚሊዮኖችን ይከፋፈላሉ፡፡ አንድ ጊዜ የሚሠራ ስህተት ዋጋው እጅግ ከፍ የሚለውም በዚህ የተነሣ ነው፡፡ የመጨረሻዎቹ ሰዎች ዘንድ ሲደረስ በአንድ እጅ ካርታ የሚለወጠው ገንዘብ ሰው በዕድሜው ሠርቶ የማያገኘው ነው፡፡

የእንጨት ቆራጩ ፍልሚያ

ልጁ ያሳየኝ የ2009ኙን (እ.ኤ.አ.) ውድድር ነበር፡፡ በዚያ ዓመት 6,494 ሰው ተመዘገበ፡፡ ከእነሱ አንዱ ዳርቪን ሙን የሚባል የሜሪላንድ እንጨት ቆራጭ ነበር፡፡ መግቢያውን ከኪሱ አልከፈለም፤ በ130 ዶላር የማጣሪያ ጨዋታ አሸንፎ ነው ላስ ቬጋስ የገባው፡፡ ሌላው ቢሊ ኮፕ የሚባል ወጣት ነው፡፡ ውድድሩ 12 ሰው ሲቀረው ሁለቱም ብዙ ቺፕስ ካካበቱት መካከል ነበሩ፡፡ የመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ውስጥ የገባ ሰው የመጨረሻው እንኳ ቢሆን ከ1.2 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያገኛል፡፡ አንደኛው ከ8.5 ሚሊዮን በላይ ይወስዳል፡፡

ኮፕ ባለ አልማዝ አምስትና ሦስት ያዘ፡፡ መሐል ላይ ሦስት ባለ አልማዝ ካርታዎች ወጡ፡- ንጉሥ፣ ዘጠኝና ሁለት፡፡ አምስት አንድ ዓይነት ምልክት ማሰባሰብ ትልቅ እጅ ነው፤ ኮፕ በእጁ አስገብቶታል፡፡ አራተኛው ካርታ ሌላ ሁለት ሆኖ ወጣ፡፡ እዚህ ላይ ኮፕ የቀረውን ቺፕስ ሁሉ አስገባ፡፡ ሙን ተቀበለ፡፡ ካርታው ሲገለጥ ሙን ባለ አልማዝ ንግሥትና ጃክ ይዟል፡፡ እሱም አምስት አልማዝ አለው፤ የእሱ ግን ይበልጣል፡፡ ለኮፕ የሚደርስለት አንድም ካርታ በጥቅሉ ውስጥ አልነበረም፡፡ ጨዋታው ሳያልቅ አልቆለታል፡፡ ኮፕ 12ኛ ሆኖ ወጣ፡፡

«ጥፋተኛ ነው ወይስ ዕድለ ቢስ?» ነበር ጥያቄው፡፡ ለኔ መልሱ ሁለቱም ነው፤ መጠኑ ግን እኩል አይደለም፡፡

አምስት አልማዝ ይዞ ሌላ አምስት አልማዝ ከያዘ ሰው ጋር መገናኘቱ ዕድል ነው፡፡ ያለውን ሁሉ ማስገባቱ ግን ውሳኔ ነው፡፡ ውሳኔውን የምንመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፡- ይህን ሁሉ ገንዘብ ሳስገባ እሺ የሚለኝ ማን ነው? ከኮፕ ያነሰ እጅ የያዘ ተጫዋች ያን ያህል ቺፕስ ሲመጣበት በአብዛኛው ካርታውን ይጥላል፡፡ የሚቀበለው የበለጠ የያዘው ነው፡፡ ስለዚህ ኮፕ ትልቁን ዋጋ ያቀረበው ደካሞቹን አባሮ ብርቱውን ለማስቀረት ሆነ፡፡ ሲያሸንፍ ጥቂት፣ ሲሸነፍ ሁሉንም በሚያጣበት መንገድ ገባ ማለት ነው፡፡ በልኩ ከፍሎ ቢቀጥል ኖሮ ያንኑ እጅ ተሸንፎም ቢሆን በውድድሩ ላይ የመቆየት ተስፋ ነበረው፡፡

«እሺ የሚለኝ ማን ነው?» የሚለውን ጥያቄ አንባቢ ልብ ይበልልኝ፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን፡፡

መጥፎ ዕድል ሲሆን

ሁሉም ሽንፈት ስህተት አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2008 በዚያው ውድድር ሞቶዩኪ ማቡቺ የሚባል ጃፓናዊ አራት አስ አሰባሰበ፡፡ በካርታ ዓለም ከዚህ በላይ የሚያስቡት ነገር የለም ማለት ይቻላል፡፡ ባላጋራው ጀስቲን ፊሊፕስ ግን ከአሥር እስከ አስ በተከታታይ፣ ሁሉም በአንድ ምልክት የሆነውንና በጨዋታው የመጨረሻ ትልቅ የሆነውን እጅ ይዞ ተገኘ፡፡ ማቡቺ ከውድድሩ ወጣ፡፡ ይህን ሰው ጥፋተኛ የሚል ዳኛ አይገኝም፡፡ አራት አስ ይዞ የሚሸሽ ሰው ከተገኘ ጥፋተኛው እሱ ነው፡፡

አኒ ዱክ የተባለችው የቀድሞ የፖከር ተጫዋች እ.ኤ.አ. በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ የምታሳስበው ይህንኑ ነው፡፡ ሰው ውሳኔን የሚመዝነው በውጤቱ ነው ትላለች፡፡ ሰክሮ መኪና ነድቶ በሰላም ቤቱ የገባ ሰው «ጥሩ ነዳሁ» ብሎ ያድራል፤ ቀበቶውን አስሮ በልኩ የነዳው ሰው አደጋ ከገጠመው ደግሞ ዘመዱ ሁሉ «ምን ሊሠራ በዚያ መንገድ ሄደ?» ይለዋል፡፡ በችሎት ብዙ ዓመት ቆሜ ያየሁትም ይኸው ነው፡፡ በቸልተኝነት ጉዳይ ዳኛው መጠየቅ ያለበት ተከሳሹ በዚያች ሰዓት ምን ያውቅ እንደነበርና ምን ማወቅ ይገባው እንደነበር ነው፡፡ ኋላ የመጣው ውጤት ጉዳቱን ያሳያል፤ ጥፋቱን ግን ብቻውን አያስረዳም፡፡

የፈራው ሰውም ይከስራል

ስህተት ሲባል ሁልጊዜ ድፍረት ብቻ አይደለም፡፡ እ.ኤ.አ. በ2003 ከ839 ተወዳዳሪዎች ሁለት ሰዎች ቀሩ፡፡ አንዱ ሳሚ ፋርሃ የሚባል፣ በሙያው የታወቀ ቁማርተኛ ነው፡፡ ሌላው ክሪስ መኒሜከር የሚባል የ27 ዓመት የቴነሲ ሒሳብ ሠራተኛ፡፡ ስሙ በእንግሊዝኛ «ገንዘብ ሠሪ» ማለት ነው፤ የአባቱ ስም እንጂ ቅጽል አይደለም፡፡ እሱም በኢንተርኔት የማጣሪያ ጨዋታ በጥቂት አሥር ዶላሮች ነው የገባው፡፡

በአንዱ እጅ ፋርሃ ዘጠኝና ንግሥት ያዘ፤ መሐል ላይ ከወጡት የሚበልጠው ዘጠኝ ስለሆነ ጥንድ ዘጠኝ አለው፡፡ መኒሜከር ንጉሥና ሰባት ይዟል፤ የጠበቃቸው ካርታዎች ሳይመጡለት ቀርተው በእጁ ምንም የለም፡፡ የመጨረሻው ካርታ ከተገለጠ በኋላ ግን ያለውን ሁሉ አስገባ፡፡ ፋርሃ ጠረጠረ፤ ሰውዬው የጠበቀውን ስቶ ይሆናል ብሎ በቃሉም ተናገረ፡፡ ቢሆንም ካርታውን ጣለ፡፡ ቢቀበል ኖሮ ሚዛኑ ወደ እሱ ያጋድል ነበር፡፡ ብዙም ሳይቆይ መኒሜከር ውድድሩን አሸንፎ 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ፤ ፋርሃ 1.3 ሚሊዮን ይዞ ሁለተኛ ሆነ፡፡

ፋርሃ ያየው ነገር ትክክል ነበር፤ ያመነው ግን ሌላውን ነው፡፡ አንድ ጀማሪ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ሰዓት፣ ባዶ እጁን ያለውን ሁሉ ያስገባል ብሎ ለመቀበል ከበደው፡፡ የገመተው ካርታውን ሳይሆን ሰውየውን ነው፤ ሰውየውንም በሙያው ስም ገመተው፡፡

ሦስተኛው ምሳሌ ደግሞ ለመፍረድ ያስቸግራል፡፡ እ.ኤ.አ. በ2006 ውድድሩ 8,773 ሰው ተመዝግቦበት ሦስት ሰው ቀረው፡- ጄሚ ጎልድ፣ ፖል ዋሲካና ማይክል ቢንገር፡፡ ዋሲካ ስድስት፣ አምስትና አሥር መሐል ላይ ወጥተው ሰባትና ስምንት ይዞ ነበር፡፡ ሁለት ዓይነት ትልቅ እጅ ሊገጥምለት ይችላል፤ የማሸነፍ ዕድሉም ከግማሽ ብዙ የራቀ አልነበረም፡፡ ካርታውን ጣለ፡፡ ሌሎቹ ሁለቱ ተፋጠጡ፤ ጎልድ አሸነፈ፤ ቢንገር ወጣ፡፡ ካርታዎቹ እስከ መጨረሻው ሲገለጡ ዋሲካ ቢቀጥል ኖሮ ሁለቱንም ያሸንፍ እንደነበር ታየ፡፡

ታዲያ ተሳሳተ? በተራ ጨዋታ ቢሆን አዎን የሚሉ ብዙዎች ናቸው፡፡ በውድድር ግን ቺፕስ እንደ ገንዘብ አይቆጠርም፡፡ ሦስተኛው 4.1 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 6.1 ሚሊዮን ዶላር ነበር የሚወስደው፡፡ ዋሲካ ሁለቱ ሲፋጩ ዳር ቆሞ በመመልከቱ ብቻ ሁለት ሚሊዮን ዶላር ከፍ አለ፡፡ የቺፕስህ እጥፍ መሆን ገንዘብህን እጥፍ አያደርገውም፤ ቺፕስህ ማለቁ ግን ከጨዋታው ያስወጣሃል፡፡ ከጨዋታ የወጣ ሰው ደግሞ ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ጥሩ ካርታ አያገኘውም፡፡

ኪሳራን ማሳደድ

አሁን የራሴን ላውጋ፡፡ በ1986 ዓ.ም በሕግ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ከተማ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቼ ማታ ማታ ኮንከር ይጫወቱ ነበር፡፡ ደመወዜ እንደ ጊዜው የዲግሪ ምሩቅ 500 ብር ነው፡፡ አንድ ቅዳሜ ማታ ደመወዜን እንደያዝኩ ተቀመጥኩ፡፡ እኩለ ሌሊት ላይ 300 ብር ያህል ተበልቻለሁ፡፡ ከዚያ ግሩም እጅ መጣልኝ፤ አንዲት ካርታ ብቻ ቀረኝ፡፡ ያለኝን አስያዝኩ፤ አልበቃኝ ብሎ አጠገቤ ከተቀመጠው ሰው 200 ብር ተበደርኩ፡፡ ኮንከር በሁለት ጥቅል ካርታ ስለሚካሄድ አንድ ካርታ ሁለት ጊዜ አለ፡፡ የምጠብቃት ካርታ ሁለቱም ቀደም ብለው ወድቀው ነበር፤ ጆከርም አልቀረም፡፡ ዓይኔ እያየ የወደቁትን ካርታዎች አእምሮዬ አልቆጠራቸውም፡፡ የምትመጣው ካርታ ሳትኖር እኔ ግን እጠብቃታለሁ፡፡

ኋላ ሳስበው ያሳወረኝ የተበላሁት 300 ብር ነው፡፡ ጨዋታው ሲጀመር ቢሆን ኖሮ የወደቀውን ካርታ እቆጥር ነበር፡፡ ዳንኤል ካነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተሙት ጥናት ሰው ካገኘው ይልቅ ያጣው ነገር አብልጦ እንደሚያመው፣ ያጣውን ለማስመለስ ሲልም ከወትሮው የበለጠ አደጋ እንደሚደፍር አሳይተዋል፡፡ የፖከር ሰዎች ለዚህ ሁኔታ ቃል አላቸው፤ «ቲልት» ይሉታል፤ ማጋደል ማለት ነው፡፡ ሰውየው ያው ሰው ነው፣ እውቀቱም ያው ነው፤ ሚዛኑ ግን አጋድሏል፡፡

ሌላም ማታለያ አለ፡፡ እ.ኤ.አ. ነሐሴ 18 ቀን 1913 በሞንቴ ካርሎ ካዚኖ የሩሌት ኳስ 26 ጊዜ በተከታታይ ጥቁር ላይ አረፈች፡፡ ሕዝቡ «አሁንስ ቀይ መምጣት አለበት» እያለ በየዙሩ እያበዛ በቀይ ላይ አስይዞ ሚሊዮኖች ከሰረ፡፡ ኳሷ ግን ቀደም ሲል የት እንዳረፈች አታስታውስም፡፡ ለሃያ ሰባተኛውም ዙር ዕድሏ እንደ መጀመሪያው ነው፡፡ «እስካሁን ስለተበላሁ አሁን ተራዬ ነው» የሚል ሰው ኳሷ ዕዳ ያለባት ይመስለዋል፡፡

ልጁ የፈለገው

ይህን ሁሉ ስናወራ ቡናው በረካ ደርሶ እህቴ ረከቦቱን አነሣች፡፡ ልጁ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጋሼ፣ 20 ሺህ ብር ያበድሩኝ» አለኝ፡፡

ነገሩ እንዲህ ነው፡፡ አባቱ የሞባይል ጥገና ሱቅ እንዲከፍትበት 45 ሺህ ብር ሰጥቶታል፡፡ ከዚያ ውስጥ 27 ሺው በእግር ኳስ ውርርድ አልቋል፡፡ ከ2010 ዓ.ም ወዲህ በከተሞቻችን እየተስፋፋ የመጣውን የቤቲንግ ቤት አንባቢ ያውቀዋል፡፡ ልጁ የሚያስበው 18 ሺህ ከቀረው ጋር 20 ሺህ ጨምሮ «በጥናት» ከተጫወተ የጎደለውን እንደሚመልስ ነው፡፡ የፖከሩን ቪዲዮ ያሳየኝም ለዚህ ነበር፤ «ዕድለ ቢስ ነው» ብዬ ብፈርድለት ኖሮ ነገሩን ከዚያ ሊቀጥል፡፡

ወረቀት አመጣን፡፡ እሱ የሒሳብ ምሩቅ ነው፤ ያሰላው እሱ ነው፡፡ አሥር ጨዋታ በአንድ ትኬት መረጥን እንበል፡፡ እያንዳንዱን የማግኘት ዕድላችን ከመቶ 70 ይሁን፤ ይህ ለማንም ጥሩ ገማች ነው፡፡ አሥሩንም በአንድ ላይ የማግኘት ዕድል ግን 0.7 አሥር ጊዜ በራሱ ሲባዛ ነው፤ ከመቶ ሦስት እንኳ አይሞላም፡፡ ለእያንዳንዱ ጨዋታ ቤቱ 1.3 ይከፍላል ብንል ለ100 ብር ትኬት የሚደርሰው 1,378 ብር ነው፡፡ ዕድሉን በክፍያው ስናባዛው 39 ብር ገደማ ይመጣል፡፡ እንግዲህ በዚህ ምሳሌ 100 ብር ከፍለህ የገዛኸው ነገር እውነተኛ ዋጋው 39 ብር ነው፡፡ በዚያ ላይ በዚያ ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ2008 ዓ.ም የገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979 ከ1,000 ብር በላይ በሆነ የዕድል ሙከራ ገቢ ላይ 15 በመቶ ግብር ጥሏል፡፡

«እሺ የሚልህ ማን ነው?» አልኩት፡፡ «ቤቱ ትኬትህን በደስታ የሚቀበለው ለምን ይመስልሃል? ኮፕን ሙን በደስታ እንደተቀበለው አይደለም?»

ዝም አለ፡፡

ሕጉስ ምን ይላል?

የሕግ ሰው ስለሆንኩ ይህንንም ልጨምር፡፡ በአገራችን ብሔራዊ ሎተሪ በ1954 ዓ.ም ከተቋቋመ ወዲህ የዕድል ጨዋታ በመንግሥት ፈቃድና ቁጥጥር ሥር የሚካሄድ ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ማካሄድ ያስቀጣል፡፡ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 1716 ደግሞ ግዴታው ሕገ ወጥ ወይም ለሞራል ተቃራኒ የሆነ ውል እንደማይጸና ይደነግጋል፡፡ ካርታ ጠረጴዛ ላይ የተገባ ዕዳ ፍርድ ቤት ቢቀርብ ቀድሞ የሚነሣው ክርክር ይህ ነው፡፡

ብዙ ሰው የማያውቀው ቁጥር 2472ን ነው፡፡ ከ500 ብር በላይ የሆነ የገንዘብ ብድር በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተደረገ እምነት ወይም መሐላ ካልሆነ በቀር ሊረጋገጥ አይችልም፡፡ በቁማር መሐል «ያዝ ነገ ትሰጠኛለህ» ተብሎ የሚሰጥ ሺህ ብር ምስክር ቢደረደርለትም አበዳሪው እጅ ላይ የሚቀር ነው፡፡ እኔ በ1986 የተበደርኩት 200 ብር ግን ከዚያ በታች ስለነበር በምስክርም ይረጋገጥብኝ ነበር፤ ይህን ጠንቅቄ ስለማውቅ ቀስ እያልኩ ለሦስት ወር ከፍያለሁ፡፡

ባለትዳሮችም ይስሙ፡፡ በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ በቁጥር 68 ከ500 ብር በላይ ለመበደርም ሆነ ለማበደር የሁለቱ ተጋቢዎች ስምምነት እንደሚያስፈልግ ይናገራል፡፡ የአማራ ክልልም በ1995 ዓ.ም ያወጣው የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፤ የጋራ ሀብት ላይ አንዱ ብቻውን አያዝም የሚለው መሠረተ ሐሳብ በሁለቱም አለ፡፡ እናም ለልጁ «20 ሺህ ላበድርህ ብል እንኳ መጀመሪያ አዲስ አበባ ደውዬ ባለቤቴን ማስፈቀድ አለብኝ፤ ለምን እንደሆነም መንገር አለብኝ» አልኩት፡፡ ፈገግ አለ፡፡ ሚስቴን ያውቃታል፡፡

ማሸነፍም ከሙግት አያድንም፡፡ የ2006ቱ አሸናፊ ጄሚ ጎልድ 12 ሚሊዮን ዶላር ባሸነፈ ማግስት አብሮት የሠራ ሰው «ግማሹን ሊሰጠኝ በቃል ተስማምተናል» ብሎ ከሰሰው፡፡ ጎልድ በስልክ የተወው የድምፅ መልእክት ማስረጃ ሆኖ ቀረበ፤ ግማሹ ገንዘብ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታግዶ ቆየ፡፡ ጉዳዩ በ2007 በስምምነት አለቀ፡፡ በእኛም ሕግ በመርሑ ውል በቃል ይጸናል፤ ቁጥር 1719 ሕግ ካላዘዘ በቀር የተለየ ፎርም አይጠይቅም፡፡ ሰው ግን ያላገኘውን ሲያካፍል ለጋስ ነው፡፡

የአያ ዲከረንስ

አሁን አባትየው ጋ እንምጣ፤ «አያ» ነው የምለው፡፡ መሬቱ ፋግታ ለኮማ ነው፡፡ ከኢንጅባራ ወደ ዳንግላ ስትሄዱ አዲስ ቅዳምን ግራ ቀኝ የከበበውን ዲከረንስ የተባለ ዛፍ ታያላችሁ፡፡ ገበሬው ዛፉን ከጤፍ ጋር ይተክለዋል፤ በመጀመሪያው ዓመት ጤፉን ያጭዳል፣ ቀጥሎ ሣሩን ለከብት ያጭዳል፣ ከአራት እስከ ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ዛፉን ቆርጦ ከሰል ያከስላል፡፡ አሲዳማ ሆኖ ምርት እንቢ ያለው መሬት በዚህ ዛፍ አገገመ፤ ብዙ ሰው ቤት ሠራበት፣ ልጅ አስተማረበት፡፡ ይህ የእህቴ ልጅ የተማረውም በዚያው ከሰል ነው፡፡

በ2012 ዓ.ም ገደማ ግን ዛፉን ዋግ መሰል የፈንገስ በሽታ መታው፡፡ ተራራው ሁሉ ጠወለገ፡፡ አያ መሬቱን በሙሉ ዲከረንስ አልብሶት ስለነበር በአንድ ጊዜ ተመታ፡፡ ዘመዱም «ነግረንህ ነበር» አለው፤ ማንም ግን ቀድሞ አልነገረውም ነበር፡፡

በልጁ ፊት ይህንን ፈረድን፡፡ አያ ዛፉን መትከሉ ጥፋት ነው? አይደለም፤ በጊዜው በሚታወቀው ሁሉ ትክክለኛ ውሳኔ ነበር፤ ለዓመታትም ከፍሎታል፡፡ በሽታው መምጣቱስ? የማቡቺ ዕጣ ነው፡፡ አንዲት ጥማድ እንኳ ሳያስቀር መሬቱን ሁሉ በአንድ ተክል መሸፈኑ ግን ቢሊ ኮፕን ያስመስለዋል፡፡ በጥሩ እጅ ላይ ያለውን ሁሉ ማስገባት፡፡ እጁ ጥሩ መሆኑ ያለውን ሁሉ ለማስገባት በቂ ምክንያት አይሆንም፡፡

የልጁ ግን ከሁለቱም ይለያል፡፡ የአባቱ ጨዋታ የሚያዋጣ ነበር፤ ልክ አጣ እንጂ፡፡ የእሱ ከመጀመሪያው የማያዋጣ ነው፤ በልክ ቢጫወተውም የሚለወጠው የሚከስርበት ጊዜ እንጂ መክሰሩ አይደለም፡፡ ወደቁ ያሉትን ካርታዎች ሳይቆጥር የማትመጣውን እየጠበቀ ነው፤ ልክ እንደኔ በዚያ ቅዳሜ ማታ፡፡

ገንዘቡን አላበደርኩትም፡፡ ለአባቱም አልነግርብህም፣ አንተው ንገረው አልኩት፡፡ ሌሊቱን ሲገላበጥ ሰማሁት፡፡ ጠዋት ቁርስ ላይ ተናገረ፤ 27 ሺህ መሆኑን ሳይደብቅ፡፡ እህቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች፡፡ አያ ለረጅም ጊዜ ዝም ብሎ መሬት መሬቱን ካየ በኋላ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ፡፡

«ስንት ቀረ?»

«18 ሺህ፡፡»

«እንግዲያው በ18 ሺህ ምን እንደሚከፈት እናስብ» አለና ተነሣ፡፡

አያ ፖከር የሚባል ነገር በሕይወቱ ሰምቶ አያውቅም፡፡ ሆኖም ላስ ቬጋስ ላይ ሚሊዮን ዶላር ከከሰሩት ብዙዎቹ በሰዓቱ ሊጠይቁት ያልቻሉትን ጥያቄ ጠየቀ፡፡ ሱቁ ከሁለት ወር በኋላ ዳንግላ ላይ በግማሽ ዕቃ፣ በጠባብ ክፍል ተከፈተ፡፡ ስለ 27 ሺው ከዚያ ወዲያ ማንም አላነሣበትም፡፡

ቸር ይግጠመን!